ፊደሉ ይጥበብ ወይስ መኪናው ይስፋ?

«ፊደላችን በዛ» የሚለው ቅሬታ ከኮምፒውተር በብዙ ዓመት ይቀድማል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋ፣ ጓ፣ ሏና ሟ ያሉት ዲቃላዎች፣ ሃያዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉበት ደግሞ ወደ ሦስት መቶ ይጠጋሉ። የኔታ ፊት ተቀምጦ ሀ ሁ ሂ ብሎ የዘለቀ ልጅ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞት ይነሣል። ብዛቱ ጭንቅ የሆነው ፊደሉን በመኪና ለመጻፍ ለተነሡት ነው።

ኅትመት ለፊደሉ እንግዳ አልነበረም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳትሟል። በአዲስ አበባም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጋዜጣና መጽሐፍ ሲያወጣ ኖሯል። በእርሳስ ፊደል ዘመን የፊደል መብዛት ማለት የመልቀሚያው ሳጥን ሰፊ፣ የለቃሚው እጅ ደግሞ የለመደ መሆን አለበት ማለት ብቻ ነበር። አንድ ሳጥን ባይበቃ ሌላ ይጨመራል። ስለዚህም በማተሚያ ቤት በኩል ፊደሉን የመቁረጥ ግፊት ይህን ያህል አልከረረም።

የጽሕፈት መኪና ግን ሳጥን አይጨመርበትም። ቁልፎቹ ከአርባ ብዙም አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይና ታች ሁለት ምልክት ቢሸከም እንኳ ጠቅላላው መቶ አይሞላም። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ችግር ለመፍታት ተነሥተው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠሩ። ስማቸው እስከ ዛሬ በክብር የሚነሣው በዚህ ነው፤ ይገባቸዋልም። ከዚያ በኋላ ኦሊቬቲን የመሳሰሉ የውጭ ፋብሪካዎች የአማርኛ መኪና እያመረቱ ለመሥሪያ ቤቶች አቅርበዋል።

መኪኖቹ ፊደሉን የሚጽፉት እየቀጣጠሉ ነበር። ለ ይመታል፤ ከወገቡ ቅጥያ ሲጨመርበት ሉ፣ ከእግሩ ሥር ሲሆን ሊ፣ ቀለበት ሲሆን ሌ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ዘዴው ይሠራል። ችግሩ ራብዑና ሳድሱ ላይ ነው፦ ላ አንድ እግሩን ያሳጥራል፣ ሳድሱ ል አናቱን ይሰብራል፣ ር እና ራ ደግሞ ለማንም ሕግ አይገዙም። በመኪና የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከፊደሉ ሳይገናኝ ቀርቶ ወይም ተደራርቦ መመልከቱ አይቀርም። ዓይን ይለምደዋል እንጂ ውበት አልነበረውም፤ የብራና ጸሐፊ ቢያየው ያዝን ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ የተገለበጠው። መኪናው ፊደሉን መጻፍ ካቃተው ፊደሉ ለመኪናው ይመቻች የሚል አስተሳሰብ ተነሣ። ከጣልያን መባረር በኋላ በነበሩት ዓመታት የተማሩ ሰዎች ፊደልን ስለማሻሻል ሐሳብ ላይ ሐሳብ አቀረቡ። አንዳንዱ ግዕዙን ብቻ ይዘን ለስድስቱ ቤቶች አንድ ወጥ ምልክት እንቀጥል አለ። ሌላው ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሞክሼ ፊደላት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ወደ አንድ አንድ ይውረዱ አለ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ሁለተኛውን አቋም የያዙ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» መግቢያ ላይም ስለ ፊደል ጉዳይ አንሥተዋል። ተቃዋሚዎቹም ቀላል አልነበሩም፦ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት፣ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ ፊደሉ ሲጠፋ ምሥጢሩም ይጠፋል ይሉ ነበር።

ሁለቱም ወገን ስለ ቋንቋው ተቆርቁሮ ነው የተናገረው። ሆኖም ከማሻሻያዎቹ ውስጥ «መኪናው አይችልም» በሚለው ላይ የቆሙት መሠረታቸው አጭር ዕድሜ ያለው ዕቃ ነበር። መኪናው ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም ሳይርቅ ከጠረጴዛ ወርዷል፤ ፊደሉ ግን አለ።

እስኪወርድ ድረስ ግን መኪናው ለስንቱ እንጀራ ሆኗል! የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ታይፕ አስተምረው ጸሐፊዎችን ለየመሥሪያ ቤቱ ሰጥተዋል። ካርቦን አስገብቶ ሁለትና ሦስት ቅጂ ማውጣት፣ ስቴንስል ቆርጦ ማባዛት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። አንድ ፊደል ቢሳሳት ስቴንስሉ በቀለም ተደፍኖ፣ እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ እንደገና ይመታል። ከፍርድ ቤት ደጅ ደግሞ ራፖር ጸሐፊው ተቀምጦ የባለጉዳዩን አቤቱታ ይሰማል፤ የሚተወውን ትቶ የሚጻፈውን ይጽፋል። እነዚህ ባለሙያዎች ስለ ፊደል ብዛት ሲጠየቁ የሚመልሱት ከምሁራኑ ይለይ ነበር፤ ጣታቸው ለምዶታልና ብዛቱ ሳይሆን የመኪናው ቀለም መጥፋት ነበር የሚያሳስባቸው።

በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር ሲመጣ ብዙ ሰው አሁንስ ተገላገልን ብሎ ነበር። እንደታሰበው አልሆነም። የዘመኑ ኮምፒውተሮች አንድን ፊደል በአንድ ባይት ነበር የሚያስቀምጡት፤ በአንድ ባይት ውስጥ ያሉት ቦታዎች ደግሞ 256 ናቸው። ከእነዚያም ግማሹን የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና የማሽኑ የውስጥ ትእዛዞች አስቀድመው ይዘውታል። ሦስት መቶ የሚጠጋ ፊደል በተረፈው ቦታ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በግል ጥረት የተሞላ ነው። በካሊፎርኒያ አቶ ፍሥሐ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በተባለ ድርጅታቸው፣ በኮሎራዶ ዶክተር አበራ ሞላ የግዕዝ ፊደልን በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚያስችል ሥራ ሠሩ። ሁለቱም በዘርፉ ቀደምት ናቸው፤ ማን ማንን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። አዲስ አበባ ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የኮምፒውተር ማዕከል «አጋፋሪ» የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ። ቀጥሎ «ቪዥዋል ግዕዝ» እና «ፓወር ግዕዝ» መጥተው የየመሥሪያ ቤቱንና የየጽሕፈት አገልግሎቱን ኮምፒውተር ሞሉት። ማንም የውጭ ኩባንያ ለገበያው ሳይጓጓ በራሳቸው ገንዘብና ጊዜ ፊደሉን ወደ ማሽኑ ያስገቡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ የሚገባው ምስጋና በበቂ አልተከፈለም።

ነገር ግን እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ሄደ። አንዱ ፊደላቱን ለሁለት ፎንት ከፍሎ የመጀመሪያውን ግማሽ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ አስቀመጠ። ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያ ለይቶ በላይ አነባበረ። ሀ በአንዱ ሶፍትዌር ያላት ቦታና በሌላው ያላት ቦታ አንድ አልነበረም። ውጤቱን በዚያ ዘመን ቢሮ የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል፦ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ በዲስኬት የተወሰደ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ይሆናል። ደብዳቤው እንዲነበብ ተቀባዩ የላኪውን ፎንት መጫን ነበረበት። ጋዜጦች ድረ ገጽ ሲከፍቱ ብዙዎቹ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርገው ለመለጠፍ ተገደዱ፤ ሥዕል ደግሞ ይነበባል እንጂ አይፈለግበትም።

በኢሜይልማ ጭራሽ ፊደሉን መላክ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት ያወጡት ለዚህ ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉት ሳይድበሰበስ ወደ ፊደሉ ተመልሶ እንዲገለበጥ አደረጉ፦ ትንሹ ቲ ለት፣ ትልቁ ቲ ለጥ፤ ትንሹ ሲ ለች፣ ትልቁ ለጭ፤ ኤክስ ለሽ። ዛሬ በኮምፒውተሩ ጥ ለመጻፍ ትልቁን ቲ የሚነካ ወጣት፣ ባያውቀውም የዚያ ሥርዓት ወራሽ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነበር። የዜሮክስ ባልደረባ የነበረው ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለምን ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰፍር ሥርዓት አቀረበ፤ ዩኒኮድ ይባላል። በ256 ፈንታ ከ65 ሺህ በላይ ቦታ ነበረው። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው እትም ግን የኢትዮጵያን ፊደል አልያዘም ነበር። ቀጣዮቹ ዓመታት በጥናትና በክርክር አለፉ። የሕንዱ ደቫናጋሪ በዩኒኮድ የገባው ተነባቢውና የአናባቢው ምልክት ተለያይተው ነው፤ የእኛም እንዲያ ይግባ ቢባል የጽሕፈት መኪናው ቅጥያ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነበር። የተወሰነው ግን እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ሆኖ የራሱን ቦታ እንዲይዝ ነው። መስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም 345 የግዕዝ ምልክቶችን ይዞ መጣ። በ2005 እና በ2010 ለብሌን፣ ለመኤን፣ ለጉራጊኛና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ፤ በ2021 ደግሞ ጉራጊኛ ተጨማሪ ፊደላት አገኘ። ይቀነስ ሲባል የኖረው ፊደል በማሽኑ ላይ እየበዛ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ይህ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ነው።

ሠንጠረዡ ሰው እጅ እስኪደርስ ዓመታት ፈጀ። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በስልክ በኩል ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነበረበት። በላቲን ፊደል የሚላክ አንድ አጭር መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ በዩኒኮድ የሚላከው 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ብዙ ሰው «በአማርኛ መጻፍ ያስከፍላል» ብሎ በላቲን ጻፈ፤ ልማዱም ስልኩ ከተሻሻለ በኋላም አልቀረም። ስሌቱ ግን የሚመስለውን ያህል የከፋ አልነበረም፤ «ሰላም» በፊደላችን ሦስት፣ በላቲን አምስት ምልክት ነው። ሰባዋ የእኛ ፊደል ከሰባ የላቲን ፊደል ብዙ ትናገራለች።

ማሽኑ ምንም አላጎደለም ማለት አይደለም። በቃልና በቃል መካከል ትቀመጥ የነበረችው ሁለት ነጥብ በቁልፍ ሰሌዳና በባዶ ቦታ ዘመን ከዕለት ጽሕፈት ወጥታለች፤ የቀድሞ ጋዜጦችን የገለጠ ሰው በየቃሉ መካከል ያገኛታል። ዩኒኮድ ቦታ ሰጥቷታል፤ የሚጽፋት ግን ከቤተ ክህነት ሰዎች በቀር ጥቂት ነው። የግዕዝ ቁጥሮችም እንዲሁ። የእነዚህ መቅረት በአዋጅ አልተወሰነም፤ ለጣት ፍጥነት ሲባል ሳይወራ የሆነ ነው። በግልጽ የተከራከሩበት ሠ እና ፀ ተርፈው ማንም ያልተሟገተላት ሁለት ነጥብ መሄዷ ያስቆጫል።

የሞክሼ ፊደላት ክርክርም ሌላ መልክ ይዟል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ መካከለኛው በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል ፍለጋ ላይ አሥራ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ጥሩ ሶፍትዌር አንዱን የጻፈለትን ሰው ሌሎቹንም ያሳየዋል፤ ፊደሉን መቀነስ አያስፈልገውም። በሌላ በኩል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የተለመደ አቀማመጥ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ሦስት ይይዛል። በብዛት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሠለጠኑት የዛሬዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም አማርኛውን በጣም ደቃቅ አድርገው ስለሚቆራርጡት አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ ሲገለጽ የበለጠ ስሌት ይጠይቃል፤ ዋጋውም ይጨምራል። «አማርኛ ለኮምፒውተር ከባድ ነው» የሚል አስተያየት እንደገና እየተሰማ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳዩ የተቆራረጡበት መንገድ እንጂ የቋንቋው አይደለም፤ መንገዱንም ማሻሻል ይቻላል።

ከሁሉ በላይ አጣዳፊው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ያለው ነው። በአጋፋሪ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች፣ ጥናቶችና የመጽሐፍ ረቂቆች በዲስኬትና በሲዲ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ለመሥራት ግን ጽሑፉ በየትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ ይፈልጋሉ። ይህን የሚያውቁት በወቅቱ የጻፏቸው ጸሐፊዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሊወጡ ነው። ፋይሎቹን የያዘ ክፍል ሁሉ አሁኑኑ ጠርቶ ሊጠይቃቸው ይገባል።