ዐሥራ ሁለት በር ያለው ቅጥር

ጎንደርን ጐብኝቶ የመጣ ሰው ስለ ፋሲል ግምብና ስለ አንበሶቹ ቤት ሲያወራ ሁላችንም ሰምተናል። ከተማይቱ በአገሯ ልጆች ተከብባ እንደ ነበር ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኔም በ2010 ዓ.ም. ሄጄ ግቢውን ስዞር ስለ ነገሥታቱ ግብር ብዙ ተነገረኝ፤ ስለ 1763 ዓ.ም. አንዲት ቃል አልሰማሁም። ቀድሞ ታሪክ አስተምር ስለ ነበር ጉዳዩ ከነከነኝ።

የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር የገቡት በዐፄ ኢዮአስ ተጠርተው ነው። ውለው ሳያድሩ ግን ከንጉሡ ጋር ተጣሉ፤ በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። ዘመነ መሳፍንት የሚቈጠረው ከዚህ ጀምሮ ነው። ተተኪው አረጋዊ ዐፄ ዮሐንስም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱና ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ገና በወጣትነታቸው ነገሡ።

እዚህ ቶሮንቶ፣ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ይህ ታሪክ ከተነሣ ወዲያው የትግሬና የአማራ ጠብ ይሆናል። ነገር ግን የራስ ሚካኤል ሚስት ወይዘሮ አስቴር የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ነበሩ፤ የተገደሉት ኢዮአስ ደግሞ የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ። ሚካኤል ያስገደሉት የገዛ ሚስታቸውን የወንድም ልጅ ነው ማለት ነው! ጠቡ የቤተ ዘመድ የሥልጣን ጠብ ነበር።

በግንቦት 1763 የቤጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአማራው ጎሹ (የያኔዋ አማራ የዛሬው ደቡብ ወሎ አካባቢ ናት) ሠርባኩሳ ላይ ራስ ሚካኤልን ደጋግመው ገጠሙ። ራስም ንጉሡን ይዘው ወደ ጎንደር ተመለሱ፤ ጠላቶቻቸው ተከትለው ከተማይቱን ከበቧት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በቦታው ስለ ነበር ያየውን ጽፎልናል። ስለ ራሱ ጀግንነት የሚለውን ቀንሶ ማንበብ ነው እንጂ ትልቅ ምስክር ነው።

ታዲያ ያ 900 ሜትር ያህል የሚረዝም ቅጥር ምን ጠቀመ? ምንም። እዚሁ ከጋርዲነር አውራ ጎዳና አጠገብ ያለው ፎርት ዮርክ ለመድፍ የተሠራ ምሽግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1813 አሜሪካኖች ሲገቡበት እንግሊዞች የባሩድ መጋዘናቸውን አፈንድተው ሸሹ። የጎንደሩ ቅጥር ግን ዐሥራ ሁለት በሮች አሉት። ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር፤ ስማቸው ራሱ ፍርድን፣ ተዝካርን፣ ሙዚቃን ያነሣል። ዐፄ ፋሲል ከተማይቱን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ ያሰቡት ሰው ስለ ማስገባት እንጂ ስለ መዝጋት አይመስለኝም። ከበባው ሲጠና የሚካኤል ወታደር እየከዳ ወጣ፤ ራስም እጃቸውን ሰጡ።

ድል አድራጊዎቹ አልገደሏቸውም። ወደ ቤጌምድር ወስደው አስረው አቆዩአቸው፤ በኋላ ወደ ትግራይ ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው ገዙ። ተክለ ሃይማኖትም እስከ 1769 ዓ.ም. በዙፋናቸው ቆዩ፤ ሥልጣኑ ግን በመኳንንቱ እጅ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ውስጥ ውጊያ ሲካሄድ እዚህ ያለነው ስልክ አልገባ ብሎን ስንጨነቅ ሰነበትን። መንገዱ ሰላም ሆኖላችሁ የምትሄዱ ከግቢው ውጭ ያለውን፣ የራስ ሚካኤል መኖሪያ ነበር የሚባለውን ራስ ግምብንም እዩ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ነበር።