ሕያው ሕዋስን በኢንፍራሬድ መመርመር

በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚደረግ የሕዋስ ምርመራ ሕያው ሕዋስን ሳይቆርጡ፣ ቀለም ሳይነክሩና ሳይገድሉ የውስጥ ይዘቱን ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ ነው። በብዛት የሚፈለገው የተጎዳን አካል በአዲስ ሕዋስ ለመተካት በሚሞክረው ሕክምና ነው፤ በላቦራቶሪ ያደገው ሕዋስ ወደ ታማሚው የሚገባ በመሆኑ ለምርመራ ተብሎ አይጠፋም። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥን፣ በ2007 ደግሞ የሰውን የቆዳ ሕዋስ ወደ ልዩ ልዩ ሕዋስ ማደግ ወደሚችል ግንደ ሕዋስነት ከመለሰ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል።

ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘው ይህ የማይታይ ብርሃን በሞለኪውሎች ዓይነት እየተመረጠ ይመጠጣል። ፕሮቲን 6 ማይክሮሜትር አካባቢ በደንብ ይመጥጠዋል። ችግሩ ውሃም እዚያው ላይ መምጠጡ ነው፤ ሕዋስ ደግሞ አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ወይ የናሙናው ውፍረት ወደ ጥቂት ማይክሮሜትር ይቀነሳል፣ ወይ ውሃም ደምም ብዙ የማያግዱት ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ያለው ቅርብ ኢንፍራሬድ ይመረጣል። ያም ሆኖ መሣሪያው የሚያወጣው ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ነው፤ መስመሩ ትርጉም የሚያገኘው በሌላ መንገድ ከተረጋገጡ ናሙናዎች ጋር ሲመሳከር ነው።

በኢትዮጵያ ቅርብ ኢንፍራሬድ ይበልጥ የሚታወቀው በመኖ ምርመራ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የመኖን ጥራት በዚህ ብርሃን ይለካል። ይህ ማሽላ አብቃይ ለሆነው ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ገበሬው ማሽላውን ቆርጦ ካነሣ በኋላ አገዳውን ለከብት ይከምራል፤ ላሟ ቅጠሉን አስቀድማ ትመርጣለች፣ ጠንካራው ግንድ ለማገዶ ወይም ለአጥር ይተርፋል። ቅጠሉ ከግንዱ የበለጠ ፕሮቲን ስላለው ምርጫዋ ትክክል ነው። መሣሪያውም ይህን መለየት ይችላል፤ ሆኖም መስመሩን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ስሌት በደጋ የገብስ ገለባ ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ ስለ ቆላ አገዳ የሚሰጠው ቁጥር ሊታመን አይገባም።

ተመሳሳይ እንከን፣ ማለትም ለአንዱ የሚሠራ ልኬት ለሌላው አለመታመኑ፣ በሰው ላይም ታይቷል። ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መሠረቱን የጣለለት፣ ዛሬ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 660 ናኖሜትር ቀይና 940 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ብርሃን ያነጻጽራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበ በደም ምርመራ የተገኘው ኦክስጅን ከ88 በመቶ በታች የሆነበት አጋጣሚ በጥቁር ታማሚዎች ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ጥርጣሬ ሲኖር የሚፈርደው ከደም ቧንቧ በመርፌ የሚቀዳ ናሙና ነው።