መልሱን የማይናገር መምህር

ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ መምህር ሲናገር እያዳመጠ፣ ያዳመጠውን በደብተሩ እየገለበጠ፣ የገለበጠውንም በፈተና ወረቀት ላይ እየመለሰ የኖረ አንድ ወጣት በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ይህ ወጣት አንድ ማለዳ አዲስ ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። መምህሩ ግን ምንም አያስጽፈውም። «አንተ የዚህ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪው የመሰለውን ይናገራል። መምህሩ ትክክል ነህም፣ ተሳስተሃልም አይለውም፤ ፊቱን ወደ ሌላው አዙሮ «አንተስ ትስማማለህ?» ይላል። ክርክሩ ይጦፋል፣ ሰዓቱ ያልቃል፣ ተማሪው ብዕሩን እንደያዘ ይቀራል። በ1920ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ የሚገጥመው ይህን የመሰለ ነገር ነበር።

ዛሬ የዚያ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ትዝ የሚለን ሀብትና ክብር ነው። ሲቋቋም ግን የዩኒቨርሲቲው የእንጀራ ልጅ ይመስል ነበር። ዓመቱ 1908 ነው፤ የኒውዮርክ ባንኮች በድንጋጤ ከተናጡ ገና ዓመት አልሞላም። በፊላዴልፊያ ዋርተን የሚባለው ትምህርት ቤት ከ1881 ጀምሮ ንግድን ያስተምር ነበር፤ ሃርቫርድ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለውን አልቀበልም ብሎ፣ ለንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ዲግሪ ለመስጠት ተነሣ። በ15 መምህራንና በ33 መደበኛ ተማሪዎች ተጀመረ። የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። ምሁራኑም በክፉ ዓይን ይመለከቱት ነበር። ሶርስታይን ቬብለን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የንግድ ኮሌጅ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ቦታ ከስፖርት ክፍል ቦታ አይበልጥም ብሎ ተሳልቆበታል።

የመጀመሪያው ዲን ኤድዊን ጌይ ነጋዴ አልነበረም፤ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ምሁር ነው። ጭንቀቱም ግልጽ ነበር። ሒሳብ አያያዝ ይሁን፣ የውል ሕግም ይሁን፤ እነዚህን መጽሐፍ ዘርግቶ ማስተማር ይቻላል። ነጋዴ እንዴት እንደሚወስን ግን በምን መጽሐፍ ይነገራል? ጌይ ዓይኑን የጣለው በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ላይ ነበር። እዚያ ክሪስቶፈር ላንግዴል ከ1870 ጀምሮ ንግግሩን ትቶ፣ የተፈረዱ የፍርድ ቤት ጉዳዮችን ለተማሪዎቹ እየሰጠ በጥያቄ ያፋጥጣቸው ነበር። (በላ ልበልሃን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ነገር በሙግት እንደሚጣራ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።) ይሁን እንጂ የሕጉን መንገድ ለንግድ ማዋል የተመኙትን ያህል ቀላል አልሆነም። የዳኛ ፍርድ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል፤ የነጋዴ ችግር ግን በመሳቢያው ተቆልፎበት፣ ወይም በሆዱ ተቀብሮ የሚቀር ነው። ማን አምጥቶ ይስጥ?

መላው የመጣው አርች ሾው ከሚባል የቺካጎ አሳታሚ ነው። ሾው በ1911 ነጋዴዎችን ራሳቸውን ወደ ክፍል የሚጋብዝ ትምህርት ጀመረ። አንድ የድርጅት ባለቤት ይመጣና ያላለቀለትን ችግር ለተማሪዎቹ ይዘረግፋል። ተማሪዎቹ ይጠይቁታል። ከጥቂት ቀን በኋላ እያንዳንዳቸው መፍትሔ ያሉትን ጽፈው ያስረክባሉ፤ ሰውዬውም ተመልሶ መጥቶ በጻፉት ላይ ይነጋገራል። ሃያ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ልጅ የጻፈውን ምክር ባለጉዳዩ ራሱ ፊት ለፊት ሲያነሣ ሲጥለው ማየት እንዴት ያለ ስሜት እንደሚያሳድር መገመት አያዳግትም። ለእኔ እንደሚታየኝ የትምህርት ቤቱ ነፍስ የተወለደችው በዚህ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ ይህንኑ በወረቀት ለማስቀረት የተደረገ ድካም ነው።

በዚያው በ1911 የንግድ ምርምር ቢሮ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራውም ጫማ ቸርቻሪዎችን ማጥናት ሆነ። እዚያ አንድ አስገራሚ ነገር ገጠማቸው፤ ሱቆቹ «ትርፍ» እና «ወጪ» ሲሉ አንዱ የሚለውና ሌላው የሚለው አይገናኝም። አንዱ የራሱን ደመወዝ ከወጪ ይቆጥራል፣ ሌላው ይተወዋል። ስለዚህ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም የሚሆን የሒሳብ መደብ ማውጣት ግድ ሆነ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን መምህራኑ ከወንበራቸው ተነሥተው ሱቅ ለሱቅ መዞርን የለመዱት ከዚህ በኋላ ነው።

በ1919 ጌይ ሄዶ ዋላስ ዶናም ዲን ሆነ። እርሱ በሕግ ትምህርት ቤቱ የሙግት ዘዴ የተማረና በኋላም በባንክ ሥራ የቆየ ሰው ስለነበር ሁለቱንም ዓለም ያውቃል። ስለ ገበያ ያስተምር የነበረው ሜልቪን ኮፕላንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሊጽፍ ሲያስብ፣ ዶናም ያንን ትተህ ችግሮችን ሰብስብ አለው። ስብስቡ በ1920 ታተመ። በ1921 ደግሞ ክሊንተን ቢድል ስለ አንድ ጫማ ፋብሪካ አጭር ጉዳይ ጻፈ፤ የፋብሪካው ሠራተኞች የመውጫው ሰዓት ሳይደርስ ሥራ ያቆማሉ፣ አስተዳደሩ ምን ይመርምር፣ ምንስ ያድርግ? ከዚያ በኋላ የምርምር ቢሮው ጉዳይ የሚያሰባስቡ ሰዎችን ወደየድርጅቱ መላክ ያዘ። በ1924 ጆርጅ ቤከር የተባለ የባንክ ባለሀብት 5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በ1927 ትምህርት ቤቱ ከቻርልስ ወንዝ ማዶ የራሱ ግቢ ኖረው።

ተማሪዎቹስ ምን ተሰማቸው? በዚሁ ትምህርት ቤት የነበረው ቻርልስ ግራግ በ1940 ባወጣው አንድ ጽሑፍ (ርእሱ ጥበብ በቃል ስለማይነገር የሚል ነው) ሦስት ደረጃዎችን ይዘረዝራል። በመጀመሪያ ተማሪው ይደነግጣል። ሌሊቱን ያሰላሰለውን ይዞ ይመጣል፤ ክፍል ሲገባ ግን ጓደኞቹ እርሱ በሕልሙ እንኳ ያላየውን ነገር ያነሣሉ። ብቻውን ሁሉን ማሰብ እንደማይችል ያን ጊዜ ይገባዋል። ቀጥሎ የሌላውን እርዳታ ሳያፍር መቀበል ይለምዳል። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው፤ መምህሩም ሁልጊዜ የተሻለውን መልስ እንደማያውቅ፣ ቢያውቅ እንኳ ተማሪው የራሱን አሳብ ይዞ መጽናት እንደሚችል ይረዳል። ለአንዳንዱ ነፃነት፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ሥቃይ ነበር። ከ1970 ተመራቂዎች አንዱ የሆነው ፒተር ኮኸን በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የሚነግረን ይህንኑ ሁለተኛውን ገጽታ ነው፤ እንቅልፍ ማጣትን፣ ፉክክርን፣ የተሰበሩ ጓደኞችን።

በ1953 ኦልድሪች የሚባለው አዳራሽ ሲሠራ መቀመጫዎቹ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተደርድረው ነበር፤ ተማሪው ከመምህሩ ይልቅ የጓደኛውን ፊት እንዲያይ ነው። ግን የማን ፊት ይታይ ነበር? ሴቶች ከወንዶቹ ጋር እኩል በሁለት ዓመቱ ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተቀበሏቸው በ1963 ነው፤ ቁጥራቸውም ስምንት ብቻ ነበር። እነርሱ እስኪመጡ ድረስ ግማሹ የሰው ልጅ በሌለበት ክፍል ስለ ገበያ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ገበያ የሚወጣው ግን ይኸው የጎደለው ግማሽ ነበር።

የቢድልን ጫማ ፋብሪካ ጉዳይ ሳስብ ሌላም ነገር ይከነክነኛል። ተማሪው የሚጠየቀው ሁልጊዜ «ሥራ አስኪያጁ ብትሆን» ተብሎ ነው። ሠራተኞቹ ከሰዓታቸው ቀድመው መሣሪያቸውን የሚያስቀምጡት ለምን እንደሆነ ከእነርሱ አንዱ ገብቶ እንዲናገር፣ በሾው ክፍል እንደቆመው ባለድርጅት የተዘጋጀለት ወንበር አልነበረም።