እርጅና የተባለው ሕመም፦ ከወንጂ ጉድጓድ ውኃ እስከ መርሳት በሽታ ትምህርት



በስልክና በኮምፒዩተር ስለሚሰጠው የአልዛይመር ትምህርት እንድናገር ስጋበዝ፣ ሐኪም ሳልሆን የታሪክ መምህር መሆኔን አስታውሼ ነበር። ቢሆንም የታሪክ ሰው በዚህ ጉዳይ የሚለው አንድ ነገር አለው። ሕዝብ አንድን ሕመም ከመከላከሉና ከማከሙ በፊት ሕመም መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ይህ ዕውቀት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ ለማየት ከአዳማ ብዙ መራቅ አያስፈልገንም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በወንጂ ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ የወጡ የአንድ አዛውንትን ቃል በቴፕ እቀዳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለ አገዳ ቆረጣው፣ ስለ ደች ኃላፊዎቹ፣ ስለ ሠራተኛው መንደር የተናገሩት እጅግ የጠራ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ለማመሳከር ስመለስ፣ አንዱን ታሪክ በአንድ መቀመጫ ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ፤ የሸዋ ፋብሪካ የተከፈተበትን ጊዜ አንዴ ከሠርጋቸው በፊት፣ አንዴ በኋላ አደረጉት። በማስታወሻ ደብተሬ ኅዳግ ላይ «ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አይታመንም» ብዬ ጻፍሁ። ቡና የምታቀርበው ልጃቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባባ እኮ ጃጅተዋል፤ አይፍረዱባቸው» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቅንቄ ቴፑን አጠፋሁ። ሐኪም ይያቸው ብሎ ያሰበ ግን ከሁለታችን አንድም አልነበረም።

«መጃጀት» የሚለው ቃል በዚያች ቤት ሁለት ሥራ ሠርቷል፤ ልጅቱን አጽናንቷል፣ ጥያቄውንም ዘግቷል። የሚዘጋበትም ምክንያት አለው። በአማርኛ ሽምግልና ዕድሜም ነው፣ ዕርቅም ነው፤ በአፋን ኦሮሞም ጃርሱማ ሁለቱን ትርጉሞች ይይዛል። አዛውንቱ የአካባቢው ዳኛ፣ የዘር ሐረግ መዝገብ፣ የመሬት ወሰን ምስክር ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ትዝታው ሲከዳው ጤናውን ብቻ ሳይሆን ሹመቱንም ያጣል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከአክብሮት የተነሣ ይሸፍነዋል፤ አክብሮት መጋረጃ ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። አሎይስ አልዛይመር በ1901 በፍራንክፈርት አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት መረመረ። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ በሴሎቹ መካከል የተከማቹ ቅሪቶችንና በሴሎቹ ውስጥ የተጠላለፉ ክሮችን አገኘ፤ ያንኑ ዓመት በቱቢንገን ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ። አልዛይመር በሙኒክ ከሠለጠኑት አንዱ በ1872 በሞንሮቪያ፣ ላይቤሪያ የተወለደው ሰለሞን ካርተር ፉለር ነበር፤ በ1912 ስለ በሽታው በእንግሊዝኛ ሰፊ ጽሑፍ ያወጣው እሱ ነው። የበሽታው ጥናት ገና ሲጀመር አንድ አፍሪካ የተወለደ ሐኪም እንደነበረበት ተማሪዎቻችን ሊያውቁ ይገባል። ሆኖም በ1910 ክሬፔሊን ስሙን በመማሪያ መጽሐፉ ካሰፈረው በኋላ፣ «አልዛይመር» ለአሥርት ዓመታት በጎልማሶች ላይ የሚታይ ብርቅ በሽታ ተደርጎ ቆየ። ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው አረጋውያን በአውሮፓም «አርጅተው ነው» ይባሉ ነበር። ሁለቱ አንድ በሽታ መሆናቸውን አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ካትዝማን አጥብቆ የተከራከረው በ1976 ነው።

አሁን ወደ ወንጂ እንመለስ። ፋብሪካው በ1954 ሥራ ሲጀምር በሺህ የሚቆጠር ሰው ከየአገሩ መጥቶ ሰፈረ፤ የጉድጓድ ውኃም ጠጣ። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ወለድ አለት ፍሎራይድ ወደ ውኃው ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ የአካባቢው ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ እጅግ የላቀ ነበራቸው። የልጆቹ ጥርስ በለዘ። ውኃውን ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡ ሠራተኞች ጀርባቸው ደረቀ፣ አንገታቸውን ማዞር ተሳናቸው፣ አንዳንዶቹም ጎበጡ። ቃላቸውን የሰጡኝ ጡረተኞች እንደሚሉት፣ በሰፈሩ የተሰጠው ማብራሪያ «ሥራ ሰበረው፤ ዕድሜ ነው» የሚል ነበር። ሐኪሞች ሕመሙን ከውኃው ጋር ሲያገናኙት ግን፣ የዕድሜ ዕጣ የተባለው ነገር ምንጩ ሊመረመር፣ ውኃውም ሊጣራ የሚችል ችግር ሆነ። ጉብጠት ከእርጅና የተለየው በአንድ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ከጻፉት ዋነኛው የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እሳቸው በመሩት ሌላ ጥናት፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት ታየ፤ ውጤቱ በ1990 ታተመ። ከፍተኛውን ቁጥር የያዘው የሚጥል በሽታ ነበር፤ የፖሊዮ ሽባነትና የሥጋ ደዌ የነርቭ ጉዳትም ከፊተኞቹ ነበሩ። የመርሳት በሽታ ከፊተኞቹ አልነበረም። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ወጣት ነበር። ሁለተኛውን እኔ እጨምራለሁ፦ የቤት ለቤት ጥናት የሚጀምረው ቤተ ሰቡ ሕመም ብሎ ከሚናገረው ነው። «ጃጅተዋል» የሚባሉ አባት ደግሞ ከሕመምተኛ አይቆጠሩም።

የጤና ትምህርታችን ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ከ1959 ጀምሮ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች በየጎጆው እየገቡ መድኃኒት ረጩ። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ16 ጥቅሎች እናትን፣ ሕፃንን፣ ንጽሕናን፣ ወባን ይዞ በየደጁ ደረሰ። እነዚህ ሁሉ የተሳካላቸው በሚታወቅ ቋንቋ፣ በሚታመን ሰው፣ እስከ ደጅ በመሄዳቸው ነው። በእነዚህ ሁሉ ግን የአረጋዊው ጉዳይ ከትምህርቱ ማዕከል ውጭ ነበር። በከፊል የተሳካላቸው እነዚሁ ሥራዎች ዕድሜ ስላስረዘሙ፣ ዛሬ የመርሳት በሽታ ወደ ቤታችን መጥቷል።

በስልክ የሚመጣው ትምህርት እዚህ ላይ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 «አይሰፖርት» የተባለ የአስታማሚዎች የኢንተርኔት ሥልጠና አውጥቷል። የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ትልቁ ጥቅም በእኔ ግምት ፍጥነቱ አይደለም፤ የአክብሮትን መጋረጃ ሳይቀድ ማለፉ ነው። ያቺ የወንጂ ልጅ በጎረቤት ፊት የማትጠይቀውን፣ ሌሊት ብቻዋን በስልኳ ልትጠይቅ ትችላለች።

ምን ትማር? አንደኛ፣ መርሳት ሁሉ አልዛይመር እንዳልሆነ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባትና ድብርት ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ ሊታከሙም ይችላሉ። ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ መከላከል በከፊል እንደሚቻል። የላንሴት ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 አጋላጭ ነገሮችን ቆጥሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነዚህ መካከል የልጅነት ትምህርት ማጣት፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነት አሉ። ሦስተኛ፣ የሕክምናው ወሰን። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት መድኃኒቶች ምልክቱን ለጊዜው ሊያቃልሉ ይችላሉ እንጂ አያድኑም። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላሉት መባባሱን በመጠኑ ያዘገያል፤ ውድ ነው፣ የአንጎል ምስል ክትትልም ይፈልጋል። ስለዚህ «ፈጽሞ ያድናል» የሚል ማስታወቂያ በስልኳ ሲመጣ ሐሰት መሆኑን ትወቅ። አራተኛ፣ አስታማሚም እንደሚደክም፤ ዕረፍት መሻቷ ክፋት አለመሆኑን።

ግን ታሪክ ማስጠንቀቂያም ይሰጠናል። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ እስከ ደጅ አይደርስም። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማትችለውም በድምፅ ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታውቀው፤ በዕድር ስብሰባም ይሰማ። ስልኩ ጥያቄውን ይክፈት፤ መልሱን ግን ሰው ይጨርሰው።

ለታሪክ ተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። ቃል ስትቀበሉ አንድ አዛውንት ያንኑ ታሪክ ሲደጋግሙ፣ የምስክርነቱን ተአማኒነት ከመመርመራችሁ በፊት የሰውየውን ጤና ጠይቁ። መቼ እንደ ጀመራቸው፣ ሐኪም አይቷቸው እንደሆነ ቤተ ሰቡን በአክብሮት ጠይቁ።

አዛውንቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያንን የኅዳግ ማስታወሻ አልሰረዝሁትም፤ የሠራሁት ስሕተት ነውና ይቀመጥ። ከሥሩ ግን በዚህ ዓመት አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «ቃሉ የተጋጨው ሰውየው ስለ ታመሙ ነው፤ አልጠየቅሁም።»