ከሃይደራባድ የመጣችው ኪቲ

በእንግሊዝ የሬጀንሲ ዘመን ላይ የሚጻፉ የፍቅር ልቦለዶች አንድ የለመዱት ዘዴ አላቸው። ቆንጆ ወጣት በለንደን ግብዣ ላይ ብቅ ትላለች። ሀብት አላት፤ አባቷ ይታወቃል፤ የእናቷ ስም ግን አይነሳም። ምስጢሩ የሚፈታው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያው ዘመን በእውን የኖረችው ካትሪን ኪርክፓትሪክ፣ በቤት ስሟ ኪቲ፣ ምንም የሚፈታ ምስጢር አልነበራትም። እናቷ ማን እንደሆነች ዘመዶቿ ሁሉ ያውቃሉ። እያወቁ ነው ዝም ያሉት።

አባቷ ጀምስ አኪሊስ ኪርክፓትሪክ ከ1798 እስከ 1805 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በህንድ የሃይደራባድ ገዥ በሆነው በኒዛም ቤተ መንግሥት የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ እንደራሴ ነበር። ማድራስ ተወልዶ፣ ፋርስኛ ለምዶ፣ እንደ ሙጋል መሳፍንት መልበስ የሚወድ ሰው ነው። ኸይሩኒሳ የምትባል የትልቅ ቤት ልጅ ወደደ። ልጅቱ ዘራቸውን ከነቢዩ ሙሐመድ ከሚቆጥሩት ሰይዶች ወገን ናት፤ ለሌላ ሰውም ታጭታ ነበር። ዕድሜዋ 14 ገደማ፣ እሱ ደግሞ ከ35 ያለፈ። ታሪኩን ማሳመር የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ ሊታለፍ ግን አይገባም። ከጋብቻው ጀርባ የቆመችው የልጅቱ እናት ሻራፉኒሳ ነበረች። ኪርክፓትሪክ ሰለመና በምስጢር አገባት። ወሬው ካልካታ ሲደርስ ጠቅላይ ገዥው ሎርድ ዌልስሊ ምርመራ አስደረገ፤ ሰውየው ከሥራው ሳይባረር የቀረው ለጥቂት ነው።

ሁለት ልጆች ወለዱ። ወንዱ ሳሂብ አላም በ1801፣ ሴቷ ኑሩኒሳ ሳሂብ ቤገም በ1802። ኪርክፓትሪክ በዚያው ጊዜ ግዙፍ የእንደራሴ መኖሪያ ማሠራት ጀመረ። ሚስቱ ከወንዶች ዓይን ተከልላ በሴቶች ግቢ ስለምትኖር ዋናውን ሕንጻ ዞራ ማየት አትችልም። ስለዚህ የቤቱን ትንሽ አምሳያ በአትክልቷ ውስጥ አሠራላት ይባላል።

ልጆቹን ወደ እንግሊዝ ለምን ላካቸው? መልሱ ያለው በኩባንያው ደንብ ውስጥ ነው። ከ1791 ጀምሮ ህንዳዊት እናት ያለው ወንድ ልጅ በኩባንያው የሲቪልም ሆነ የጦር ሥራ እንዳይቀጠር ተከልክሏል። አባትዬው አንዴ እንግሊዝ ከገቡ በአባታቸው ስም ይኖራሉ ብሎ አሰበ። በ1805 ከማድራስ ከመሳፈራቸው በፊት ሠዓሊው ጆርጅ ቺነሪ ሁለቱን ልጆች በሃይደራባድ ልብሳቸው ሣላቸው። መርከቡ ገና በጉዞ ላይ ሳለ፣ ጥቅምት 15 ቀን፣ ኪርክፓትሪክ ካልካታ ላይ ሞተ። መጋቢት 25 ቀን 1806 ልጆቹ ለንደን ማሪለቦን በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። ሳሂብ አላም ዊልያም ጆርጅ ተባለ፣ ኑሩኒሳም ካትሪን አውሮራ። ከዚያ ወዲያ ወደ እናታቸው ደብዳቤ እንዲጽፉ አልተፈቀደላቸውም።

የእናትየው ነገር የከፋ ነው። የባሏ የሥራ ረዳት የነበረው ሄንሪ ራስል ካጽናናት በኋላ ወዳጇ ሆነ፤ ቀጥሎም ትቷት ሌላ አገባ። ወደ ሃይደራባድ እንዳትመለስ ተከልክላ ዓመታት በማሱሊፓታም ወደብ አሳለፈች። በ1813 ስትሞት ገና 30 አልሞላትም።

ልጅቱ በእንግሊዝ አገር በአባቷ አባት ቤት አደገች። ወንድሟ በልጅነቱ የፈላ ውኃ ውስጥ ወድቆ አካለ ጎዶሎ ሆነ፤ በ1828 ሞተ። ኪቲ ግን ውብና ባለ ገንዘብ ነበረች፤ ገንዘቡ ደግሞ ብዙ በር ከፍቶላታል። የአጎቷን ልጅ ባገባ ሰው ቤት ልጆች ያስተምር የነበረው ድሃው ስኮትላንዳዊ ቶማስ ካርላይል በ1824 አይቷት ተማረከ። «ሳርተር ሪሳርተስ» በተባለው መጽሐፉ ያለችው ብሉሚን የእሷ ጥላ ናት የሚሉ ብዙ ናቸው። እሷ ግን በ1829 ፊሊፕስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን አገባች። ደሟ የቅይጥ ነው ብሎ ያገለላት ሰው አልታየም። ደግሞስ ማን ማንን ያገልላል? ከ1812 እስከ 1827 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ሊቨርፑል ራሱ በእናቱ በኩል ከህንድ የሚመዘዝ ዘር ነበረው። ደንቡ የሚይዘው ስምና ገንዘብ የሌለውን ነው።

ኪቲ ትዳር ይዛ፣ ልጆች ወልዳ ሳለች፣ ስዋሎፊልድ የሚባል የባላባት ቤት ለጉብኝት ሄደች። የቤቱ ጌታ ያው ሄንሪ ራስል ነው። ግድግዳው ላይ የራሷንና የወንድሟን ሥዕል አየችና አለቀሰች። ከእናትየው እጅ የወጣው የቺነሪ ሥዕል እዚያ ደርሶ ነበር። ራስል ሲሞት ለእሷ እንዲተላለፍ ቃል ገባላት። ሥዕሉ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ሆንግ ኮንግ የሚገኘው የኤችኤስቢሲ ባንክ ንብረት ሆኗል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የእናቷ እናት መገኘት ነው። ሻራፉኒሳ በሃይደራባድ በሕይወት ነበረች! በ1841 በእንደራሴው ቢሮ በሚሠራ ዳንከን ማልኮም በተባለ መኮንን በኩል መጻጻፍ ጀመሩ። ልጅቱ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ አሮጊቷ በፋርስኛ ታስጽፋለች። ኪቲ ሲለያዩ እናቷ ረጅም ፀጉሯን ስትነጭ አሁንም እንደሚታያት ለአያቷ ጻፈችላት። የሦስት ዓመት ሕፃን ይህን ለ36 ዓመት ይዛ ኖራለች። አያትዬዋ በ1847፣ ኪቲ ደግሞ በ1889 ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ሞቱ። ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ዊልያም ዳልሪምፕል ይህን ሁሉ «ነጮቹ ሙጋሎች» በሚል መጽሐፉ በ2002 ዘርዝሮ ጽፎታል። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ በፖለቲካውና በስሞቹ ብዛት የደከመ አንባቢ ግን ወደ መጨረሻው ተሻግሮ የአያትና የልጅ ልጅን ደብዳቤዎች ሳያነብ እንዳያስቀምጠው እመክራለሁ።