ስንት ቀረ?

ስለ ታላላቅ የሰው ልጅ ሥራዎች ሲነሣ ፒራሚዱና ግድቡ ይጠቀሳል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው አንድ ድንጋይ እንኳ ያልተነባበረበትን ሥራ ነው፤ ፈንጣጣን ከምድረ ገጽ ያጠፋውን ዘመቻ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1967 የዓለም ጤና ድርጅት ዘመቻውን ሲያጠናክር በሽታው በዓመት 10 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ሰው ይይዝ እንደነበር ይገመታል። ክትባቱ እንደሆነ ከ1796 ጀምሮ ይታወቃል። ታዲያ ምን ጎደለ? መድኃኒት አይደለም የጎደለው፤ አሠራር ነው። በብዙ አገር ሪፖርት የሚደረገው የተከተበው ሕዝብ ብዛት ነበር። ቁጥሩ ያድጋል፤ በሽታውም አብሮ ይኖራል።

መላው የመጣው ከችግር ነው። በ1966 መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄሪያ ክትባት ያጠራቸው ዊልያም ፌጊና ባልደረቦቹ፣ ሁሉን መከተብ ትተው ወሬውን በሚሲዮኖች ሬዲዮ እያጠያየቁ በሽተኛ ያለበትን መንደርና ዙሪያውን ብቻ ከተቡ። ወረርሽኙ ቆመ። ይህ ዘዴ እየተስፋፋ ሲሄድ የሥራው መለኪያ ተለወጠ። «ስንት ከተባችሁ?» ቀርቶ «ስንት በሽተኛ ቀረ?» ሆነ።

አገራችን ዘመቻውን የጀመረችው በ1971 ነው። በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኛ ተመዘገበ። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖራል፤ ሠራተኛው ደግሞ ጥቂት ነው። ቡድኖቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ የታመመ ልጅ ፎቶግራፍ ይዘው ገበያውንና ተማሪ ቤቱን አዳረሱ። «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» ነበር ጥያቄው። መንታ ጫፍ ያላት መርፌም ረጅም ሥልጠና አትጠይቅም ነበር።

በነሐሴ 1976 በኦጋዴን፣ ዲሞ በተባለች መንደር የአገራችን የመጨረሻ በሽተኛ ተገኘ። ፈንጣጣ ግን ድንበር አያውቅምና ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ ነበር፤ በጥቅምት 1977 መርካ ላይ አከተመ። በ1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗ ታወጀ።

እኛስ? በየማኅበራችን ሪፖርት ስንጽፍ ስንት ጊዜ ተሰበሰብን፣ ስንት ወረቀት በተንን እንላለን። የተሰበሰብንበት ችግር ተቃለለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። አቀበቱን በበቅሎ የተያያዙትን የእነዚያን ከታቢዎች ስም ብዙዎቻችን አናውቅም። ጥያቄያቸውን ግን እንውረስ፦ ስንት ቀረ?