የሊበራል አርትስ ኮሌጅና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምርጫ (አሜሪካ)

የሊበራል አርትስ ኮሌጅ በዋናነት ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምር፣ ሳይንስን፣ ሥነ ጽሑፍንና ፍልስፍናን አጣምሮ የሚሰጥ አነስተኛ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 በማሳቹሴትስ የተመሠረተው ዊሊያምስ ኮሌጅ ተማሪዎቹ 2,000 ገደማ ናቸው፤ በ1817 የተቋቋመው፣ የመንግሥት የሆነው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ግን ከ50,000 በላይ አሉት።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ክፍል ውስጥ ነው። በዊሊያምስ ‹‹ቱቶሪያል›› በሚባለው ትምህርት ሁለት ተማሪዎች በየሳምንቱ ከአንድ መምህር ጋር ይቀመጣሉ፤ አንዱ የጻፈውን ያቀርባል፣ ሌላው ይተቻል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተራ ይለዋወጣሉ። ሳያነቡ ገብተው ጥግ ይዘው መቀመጥ የለም። ለዓይን አፋር ተማሪ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ይከብዳል። በትልቁ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ በመቶዎች በሚቆጠሩ ተማሪዎች በተሞላ አዳራሽ ይሰጣል፤ የቡድን ውይይቱን ብዙ ጊዜ የሚመሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። በአንጻሩ ምህንድስናውም ነርሲንጉም በአንድ ተቋም ይገኛል፤ አብዛኞቹ ትናንሽ ኮሌጆች እነዚህ የሏቸውም።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት በክፍያው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ ቅናሽ ያደርጋል። ሆኖም ዊሊያምስ ከ2022 ጀምሮ በገንዘብ ድጋፉ ውስጥ ብድርን በነፃ እርዳታ ስለተካ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ውድ የሚባለው ኮሌጅ ረክሶ ሊገኝ ይችላል።